እርጥቡ መቀነት

ነገሩ በጠቅላላ ያስከፈለኝ አንድ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ጀርባ የነበረ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ዕቃ፣ ሦስት ሌሊት የቀበሌ እስርና የሚስቴ አክስት ኩርፊያ ነው። ልጄን እዚህ ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁትም። ነጋዴ የተበላሸ ዕቃና የት እንዳለ የማይታወቅ ዕቃ በአንድ መስመር አይጽፍም። የመጀመሪያው ኪሳራ ነው፤ ሁለተኛው ገና መንገድ ላይ ነው ይባላል።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ቀለም እሸጥ ነበር። የግድግዳ ቀለም፣ የበር ቀለም፣ ብሩሽ፣ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ሲሚንቶም ሲገኝ። በዚያን ዘመን "ሲገኝ" የምትለዋ ቃል የሱቄ ግማሽ ነበረች። ሱቁን የከፈተው ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣው አባቴ ነው። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቁሜ የቀረውን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ጨርሻለሁ። ሱቁና ቤቱ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሳሎን፣ መሃላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ። በሱቁ በኩል መደርደሪያ ተደግፎበት ነበር። የሳሎኑ በኩል የሚስቴ ነው።

ሚስቴ የአንጋጫ ልጅ ናት፣ ከምባታ። በእነሱ አገር መስቀል ሲቃረብ ሴቶቹ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ለቅልቀው በአፈር ቀለም ያስጌጡታል። ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል። የእናቷ ቤት ልማድ ግን ከዚህ ያልፋል። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው ክንድ የማይሞላ ስፋት ያለው መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ይሰመርለታል። "መቀነት" ይሉታል። የአባት ከላይ፣ ከሥሩ የእናት፣ ከዚያ ልጆች በየዕድሜያቸው። ቀለሙን የምትመርጠው እናት ናት፤ የምትመርጠውም ያ ሰው ዓመቱን እንዴት እንደከረመ አይታ ነው። ጤና አግኝቶ ሥራውን የሠራ ቀይ አፈር ይቀባል። ታሞ የከረመ ቢጫ። ያገባ፣ የወለደ፣ ፈተና ያለፈ ነጭ። የተጣላ፣ ያኮረፈ፣ ቤቱን ያስከፋ አመድ። በዓመቱ ውስጥ የሞተ ካለ መቀነቱ በጭቃ ተለቅልቆ ቀለም ሳይነካው ይተዋል። ባዶውን አንድ ዓመት ይቆይና ከዚያ ከግድግዳው ይወጣል። እንግዳ ሁሉ መስቀል ሊበላ ሲመጣ መጀመሪያ ግድግዳውን ያነባል፤ ከዚያ ነው "እንዴት ከረማችሁ" የሚለው። መልሱን አይቶት ሳለ።

ካገባኋት ጀምሮ የኔ መቀነት አብዛኛውን ጊዜ አመድ ነበር። በየዓመቱ ልከራከራት እሞክራለሁ።

"ዘንድሮ እንኳ ቀይ አይገባኝም?"

"ከወንድሜ ጋር ከጥር ጀምሮ እንዳልተነጋገርክ ረሳኸው?"

"ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን አመድ አድርጊልኝ።"

"ይሄ ሱቅ አይደለም፣ አንተ ሰውዬ። እዚህ ቅናሽ የለም።"

ግብር ገማቹ በመጣ ቁጥር ሳሎን አስገብቼ ያንን አመድ ባሳየው እያልኩ አስብ ነበር። ግድግዳ ማንበብ ስለማይችል ተውኩት።

ሁለት ልጆች ነበሩን። ትልቁ ወንድ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባው ሱቅ አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ የዚያ ዓመት መቀነቱ ቀይ ነበር፣ ደማቅ ቀይ። ብሔራዊ ውትድርና ከመጣ ወዲህ ቀበሌዎች ኮታ አለባቸው፤ ኮታው ሲጎድል ከመንገድ ይታፈሳል። ሆሳዕና ላይ አፈሳ ሲወራ ልጁን ሺንሺቾ የሚስቴ ወንድም ዘንድ እልከዋለሁ፤ ከሰውዬው ጋር የታረቅኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወሬው ሲበርድ ይመለሳል። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ያህል አሳለፍን።

ግንቦት ላይ ከሻሸመኔ የጫነ መኪና አዲሎ ከተማ እንደሚያድር ሰማን። ጭነቱ ውስጥ የኔ ጣሳዎች አሉበት፤ ሁሉም ቀይ ናቸው፤ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ቀበሌው ያዘዘው ነው። በጊዜ ካልያዝከው አይገኝም። ሾፌሩ ደግሞ ሆሳዕና አልገባም ብሏል።

"እኔ ልሂድ አባባ" አለ ልጁ። "አዲሎ ማን ያውቀኛል?"

ነገሩ ልክ መሰለኝ። እኛ የምንፈራው የሚያውቁንን ነበር፤ ስማችንን፣ ቤታችንን፣ የልጃችንን ዕድሜ የያዙትን። አፋሾቹ የሚፈልጉት ደግሞ ማንም የማያውቀውን ኖሯል። የሚያውቀው ሰው ያለው ዋስ ይጠራል፣ ዘመድ ይጮህለታል። አዲሎ ላይ ለልጄ የጮኸለት አልነበረም።

በማግስቱ ሆሳዕና አልገባም ያለው ሾፌር ገባ። ጣሳዎቹን ራሱ እየተሸከመ ባንኮኒው ሥር ደረደራቸው።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ከሻይ ቤቱ በር ላይ ነው የወሰዱት። ፓስቲ ይዞ ነበር። ጨርሼ ልምጣ ሲላቸው ሰምቻለሁ።"

ቀለሙ ደረሰ፤ ልጁ አልደረሰም። የማጓጓዣ ሂሳብ ብሰጠው ሾፌሩ እምቢ አለ፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

አዲሎ ሄድኩ፤ ዱራሜ ሄድኩ። "ተጭነዋል" ይሉኛል። ወዴት ስል ወዴት እንደሆነ መጠየቅ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል ይሉኛል። ጳጉሜ ላይ አንድ የቦኖሻ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ከማሰልጠኛ መመለሱን ሰምቼ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ከልጄ ጋር በአንድ ድንኳን ነበሩ።

"ወደ ሰሜን ተጫኑ" አለኝ። "ለእናቴ ደህና ነኝ በልልኝ ብሏል።"

"ደህና ነበር?"

የተሰበረ እግሩን አስተካከለ። "ተቅማጥ ይዞት ነበር። የተጫኑ ዕለት ግን ደህና ነበር።"

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ቃል በቃል ነገርኳት፤ ተቅማጡንም ጭምር፤ እሷ ፊት የተቀነሰ ነገር ቶሎ ይታወቃል። አላለቀሰችም። "ታዲያ ይሄ ምን ቀለም ነው?" አለችኝ።

መስቀል ደርሶ ነበር። ግድግዳውን ለቀለቀችው። የሴት ልጃችንን መቀነት ነጭ ቀባች፤ ሚኒስትሪ አልፋለች። የራሷን ቢጫ አደረገችው፤ ወባ ሲያመላልሳት ነው የከረመው። የኔን አመድ። በዚያ ዓመት አልተከራከርኩም። የልጁ ላይ ስትደርስ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቁጭ አለች።

"ቀይ ብቀባው ደህና ከረመ ማለት ነው፤ አላውቅም። ቢጫ ባደርገው ታሞ ከረመ ማለት ነው፤ እሱንም አላውቅም። ነጭ እንዴት አደርገዋለሁ? አመድ እንዳልቀባው ልጄ ምን በደለኝ?"

"ተይው እንግዲህ።"

"ብተወው ሞተ ማለት ነው።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ቀለም ነጋዴ አይደለህ? እንዴት እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ቀለም ስጠኝ።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ሱቅ ሄጄ ያለኝን አመጣሁ። አረንጓዴውን ከፈትኩላት።

"ይሄ የትምህርት ቤት በር ነው።"

ውሃ ሰማያዊውን ከፈትኩ።

"ይሄ የክሊኒክ አልጋ ነው።"

ክሬሙን ከፈትኩ።

"ይሄ የቀበሌ ቢሮ ነው። ልጄን ቀበሌ ልታስቀምጠው ነው?"

በሳህን ላይ ያለኝን ሁሉ ቀላቀልኩት። ወይ ቡናማ ወይ ግራጫ የማይባል ነገር ወጣ።

"ይሄ ምንም አይመስልም" አለች።

"እንደዚያ አይደል የፈለግሽው?"

"ልጄ ግን ሰው ነው" አለችና ሳህኑን ወደኔ መለሰችው።

የመስቀል ዕለትም እያሰበች ነበር። እስከ ማታ አንድ ነገር አገኛለሁ ብላለች። ጭቃው ግን ደርቋል፤ ሦስቱ መቀነቶች ቀለማቸውን ይዘው እሱ ብቻ ባዶውን ነው። ጠዋት አክስቷ ከአንጋጫ መጣች፤ ቅቤ ይዛ። ትልቅ ሴት ናት፤ የቤተሰቡን ግድግዳ ሁሉ በቃሏ የምታውቅ። በሩ ላይ ቆማ ከላይ ጀምራ ወደ ታች አነበበች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቅቤውን መሬት አስቀመጠችና ነጠላዋን ከትከሻዋ ጎትታ እሪ አለች።

በኛ ሰፈር የለቅሶ ድምፅ የሰማ "ማን ነው?" ብሎ አይጠይቅም፤ ይመጣል፣ ደርሶ ይጠይቃል። ለመስቀል የለበሱትን ልብስ እንኳ ሳይቀይሩ ግቢውን ሞሉት። ሀዲያው በሀዲይኛ፣ ሌላው ሰፈርተኛ በአማርኛ፣ አክስቲቱ በከምባትኛ ልጁን በስሙ እየጠሩ አለቀሱት። እኔ ራሴ ለአፍታ መርዶ ነጋሪ የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞሬያለሁ። ሚስቴ መሃላቸው ቆማ "አልሞተም! ቀለም አጥቼ ነው!" ትላለች፤ እነሱ ደግሞ ሐዘኑ አእምሮዋን የነካው መስሏቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ለመስቀል ከቡላና ከቅቤ የሠራነውን አተካና ለቀስተኛ በላው።

ነገሩ ሲጣራ አክስቲቱ ተነሳች። ዓይኗ አብጧል።

"ታዲያ በመስቀል ቀን ባዶ ግድግዳ ትተሽ ታስለቅሺኛለሽ? በሕይወት ባለ ልጅ?"

"አክስቴ፣ በሕይወት መኖሩንም እኮ አላውቅም።"

"ሳታውቂ ግድግዳ አይለቀለቅም" አለችና ቅቤዋን አንስታ በመጣችበት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣችም።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ከጎኑ ጸሐፊው እስክሪብቶ ይዟል።

"መርዶውን ማን ነገራችሁ?"

"ማንም አልነገረንም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሰፈሩ በሙሉ አልቅሷል።"

"ግድግዳ አይተው ነው።"

ቀና አለ። "ምን ተጽፎበት?"

"ምንም። ምንም ስላልተቀባበት ነው ያለቀሱት።"

ጸሐፊው መጻፉን አቆመና ሊቀመንበሩን አየው። ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ።

"መርዶ የሚነገረው በሚመለከተው አካል ነው" አለኝ። "ሳይነገር ለወታደር ማልቀስ ወሬ መንዛት ነው። የጠላት ወሬ። ግድግዳህ ወሬ ሲነዛ አንተ የት ነበርክ?"

"ሳሎን ነበርኩ።"

ሦስት ሌሊት አሰሩኝ። የታሰርኩበት ክፍል ክሬም ነው የተቀባው፤ ቀለሙን የሸጥኩላቸው ራሴ ነኝ። ለሁለት እጅ፣ ሁለት ጊዜ ደርቦ ለመቀባት፣ የሚበቃ ነበር የወሰዱት። ግድግዳው አንድ እጅ ብቻ እንደተቀባ ከዚያ ሆኜ አየሁ፤ የቀረው ጣሳ የማን ቤት እንደገባ ሳሰላ ጊዜው ሄደልኝ። ሌላውን ነገር ከማሰብ ይሻላል።

ሲለቁኝ ሊቀመንበሩ ትዕዛዙን ሰጠኝ። "በዚህ ሳምንት ግድግዳውን ቀቡ። ቀይ ይሁን። ልጃችሁ ለእናት አገሩ በግንባር ላይ ነው፤ ጤነኛ ነው።"

"ያውቃሉ፣ ጓድ?"

"ምኑን?"

"ጤነኛ መሆኑን።"

ወረቀቱን አገላበጠ። "ቀይ ቀቡ" አለኝ።

ቤት ስገባ ከአዲሎ የመጣው ጣሳ አንዱ ከበዓሉ ተርፎ ባንኮኒው ሥር ነበር። አንስቼ ሳሎን ገባሁና ሚስቴ ፊት አስቀመጥኩት። የየትኛው ጭነት እንደሆነ አወቀች። ያንን ጉዞ አንስታ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እግሯን ሰብስባ ከጣሳው ራቅ አለች እንጂ።

"ካልቀባን አንተን መልሰው ያስሩሃል?"

"ያስሩኛል።"

"ቀይ ቀብቼው ሞቶ ቢሆንስ? በሞተ ልጄ ላይ ደህና ነው ብዬ ዋሽቼ እዚህ ቤት እህል እበላለሁ?"

ተነስታ በማንቆርቆሪያ ውሃ አመጣች። እጇን እያራሰች የደረቀውን መቀነት ከጥግ ጀምራ ታሸው ጀመር። ጭቃው ቀስ እያለ ጠቆረ፣ ለሰለሰ፣ አበራ። ቀጭን ጭቃ ደርባ በመዳፏ አለሰለሰችው። ከሌሎቹ መሃል ትናንት የተሠራ መሰለ።

"እርጥብ ጭቃ ላይ ቀለም ይቀባል?" አለችኝ።

"አይቀባም። ይላጣል። ይድረቅ እላቸዋለሁ ለደንበኞቼ።"

"እንግዲህ ይድረቅ" አለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ከጸሐፊው ጋር መጣ። መቀነቱን አየ።

"አልተቀባም።"

"አልደረቀም፣ ጓድ" አለች ሚስቴ።

መዳፉን አስጠጋና ነካው። ጭቃ ይዞ ተመለሰ። መሐረብ አውጥቶ ጠረገ። ውጭ የመስከረም መጨረሻ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል።

"መቼ ይደርቃል?"

"የዚህ አገር ጭቃ እንግዲህ..." አለች፣ አልጨረሰችም።

ወደኔ ዞረ። "አንተ ባለሙያው ምን ትላለህ?"

"እርጥብ ላይ ከቀባነው ይላጣል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ቀይ ተላጦ ሲታይ ደግሞ ጥሩ አይደለም።"

ይህን ሲሰማ ጸሐፊው ሳል ያዘው። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ ግን ሄደ። ኅዳር ላይ ሁለተኛ መጣ፤ አየውና ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ የመጣው ብቻውን ነው። አልነካውም። እንዲቀመጥ ብንለው እምቢ ብሎ ቆብ በእጁ ይዞ ጥቂት ቆመ። "ቀለሙን ስታገኙት ለኔም ንገሩኝ" አለና ወጣ። የእህቱ ልጅ በዚያው ክረምት እንደዘመተ የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ግድግዳው የጠየቀን የለም።

ሚስቴ ግን አላቆመችም። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሥራ ሳትነካ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ትቆማለች። ሱቅ ስከፍት ከግድግዳው ወዲያ መዳፏ ጭቃው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ድስት የሚያጥብ ሰው ድምፅ ዓይነት ነው። ወባ ሲጥላት ሴት ልጃችን ታርሰዋለች፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን እኔ። ለስላሳ ነው፣ ቀዝቃዛ። መጀመሪያ የነካሁት ዕለት እጄን ቶሎ አላነሳሁም።

እርጥበቱ ወደ ሱቁ ወገን ማለፍ የጀመረው ጥር አካባቢ ነው። የሲሚንቶው ከረጢት ድንጋይ ሆነ። የዱቄት ቀለሞቹ ወረቀታቸው ውስጥ አብጠው ፈነዱ። ሚስማር ዛገ። የጣሳ ወረቀት እየተላጠ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ለመለየት ሁሉንም መክፈት ግድ ሆነብኝ።

አንድ ቀን ነገርኳት። "ማገሩ እየበሰበሰ ነው። ይወድቃል።"

"ሲወድቅ ሌላ ታሠራለህ።"

"ዕቃዬስ?"

"ዕቃህን አዙረው" አለች። ያልተበላሸውን አዞርኩት፤ የቀለም ጣሳው ሌላ ቦታ ስላልነበረው እዚያው ቀረ።

ሁለተኛው መስቀል ሲደርስ የልጅቷን ቀይ፣ የራሷንም ቀይ ቀባች፤ ያን ዓመት በእግሯ ቆማ ከርማለች። የልጁን አራሰችው። የኔ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ "ምን ላድርግልህ?" አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ጠይቃኝ አታውቅም።

"አመድ" አልኳት።

"ዘንድሮ ማንንም አላስከፋህም።"

"ቢሆንም።"

አመድ አደረገችው። እንግዶች መጡ፣ አነበቡ፣ ሦስተኛው መቀነት ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው አለፉ። ወሬው ለሁሉም ደርሷል። አንዳንድ ሴቶች ሲወጡ ጣታቸውን ጭቃው ላይ ነካ ያደርጋሉ። በዚያን ሰሞን ወንድ ልጅ ኖሮት ያልዘመተበት ቤት ጥቂት ነበር።

ግድግዳው የወደቀው በሚቀጥለው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ነው። አንድ ሰው ማጠፊያ እየመረጠ ነበር። ከኋላዬ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር ስል ግድግዳው መደርደሪያውን አቅፎ ሱቁ ውስጥ ተኛ። ቀለም ሁሉ ፈሰሰ። አቧራ አልነበረውም፤ እርጥብ ስለሆነ ዝም ብሎ ነው የወደቀው። በፍርስራሹ ማዶ ሳሎን ውስጥ ሚስቴ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማለች። ሰውዬው ማጠፊያውን እንደያዘ እኔንም እሷንም አየ፤ ከዚያ ማጠፊያውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሚስቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ጭቃውን ትገላብጥ ጀመር። የልጁን መቀነት ጭቃ ከሌላው ለየችው፤ ቀለም ያልነካውና የጠቆረው እሱ ስለሆነ አልቸገራትም። የልብስ ሳፋ አምጥታ እዚያ ውስጥ ሰበሰበችው። ውሃ አፈሰሰችበት።

አዲሱን ግድግዳ በብሎኬት አሠራሁ። በሲሚንቶ ተለሰነ። ሲሚንቶ ላይ ጭቃ አይይዝም፤ በአፈር ቀለም መቀባትም አይሆንም። ሚስቴ አየችውና መቀነቱ ይቅር አለች። ክሬም ቀባሁት። ሁለት እጅ።

መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን ልጆች በእግራቸው መጡ። በሆሳዕና መንገድ ብዙ አለፉ፤ ለሁሉም ሻይ ሰጥቻለሁ፤ ሁሉንም ጠይቄያለሁ። የኛ ከነሱ ጋር አልነበረም። አብሬው ነበርኩ ያለኝም፣ ሲሞት አየሁ ያለኝም የለም።

ወጪ፦ አንድ ግድግዳ፣ አንድ መደርደሪያ ዕቃ፣ ሦስት ሌሊት፣ አንዲት አክስት። ቀሪ፦ አንድ ሳፋ ጭቃ፣ እርጥብ።